የታኅሣሥ ዕጣ

ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው፤ የክሬሞና እቁብ፣
አሥራ ሁለት ሴቶች፣ በወር አንዴ እሑድ የምንሰበሰብ።
በሰው ሁለት መቶ ዩሮ፣ ሲደመር ሁለት ሺህ ከአራት መቶ፤
አንዷ ትወስደዋለች፣ የቀረነው ወደ ቤት፣ ኪሳችን ተራቁቶ።

በደህናው ጊዜ ጭቅጭቃችን ሌላ ነበር፦
«የኔ ይቆይ» ትላለች አንዷ፣ ሌላዋ «የኔ ይደር፤
ቀድሜ ከወሰድኩት ይበተናል፣ እንደ ዱቄት በነፋስ፤
ይቀመጥልኝ፣ ልጄ ትምህርቱ እስኪደርስ።»
ንግሥቲ ለቤት መሥሪያ፣ አልጣሽ ለስፌት መኪና፣
ሁላችን ነገን ታቅፈን ነበር፣ እንደ ዶሮ፣ በትዕግሥት፣ በጤና።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ከመንገዱ ሰው ተነነ፤
ያለፈ ሁሉ አምቡላንስ ሆነ።

እኔ የማስታምማቸው ሽማግሌ፣ ሲኞር ኦቶሪኖ፣
የጥድ ሳንቃ ነበራቸው፣ ከቁምሳጥን ጀርባ አርባ ዓመት የቆመ፣ መንኖ።
ለቫዮሊን ነው። አባታቸው ናቸው የቆረጡት።
በጣታቸው ኳ አድርገው ያዳምጡትና
«ገና ነው» ብለው ይመልሱት ነበር።
በመጋቢት «መጋዙን አምጪ» አሉኝ፣ ሳይነሡ ከወንበር።
የቲማቲም ቆርቆሮ መደርደሪያ ሠሩበት።
«ማን ሊሰማው ነው?» አሉ፤ ምን ልበላቸው፣ ዝም አልኩበት።

ስልኬ ማታ ማታ ይጮኻል።
«ጸሐፊዋ፣ የኔን አስቀድሚው፤ ነገን ማን ያውቃል?»
አልጣሽ፣ ያቺ ቆጣቢ፣ ሻይ እንኳ በአንድ ከረጢት ሁለቴ የምታፈላ፣
«ሁለት ሺህ አራት መቶዬን በሁለት ሺህ ልውሰድ፤ ዛሬ» አለች ተጣድፋ።
በሳምንቱ፦ «በሺህ ስምንት መቶ።»
ከዚያ፦ «በሺህ አምስት መቶም ቢሆን።»
ቴሌቪዥኑ የሟች ቁጥር በጨመረ ቁጥር
በደብተሬ ኅዳግ የነገ ዋጋ ወረደ፤
እንደ ገበያ ማብቂያ አትክልት፣ ረከሰ፣ ጠወለገ፣
እኔም ጻፍኩት፣ በእርሳስ፣ እጄ እየራደ።

ልፍረድባቸው? ሚያዝያ የኔ ዕጣ ወጣ።
ስኳር ቆርቆሮው ላይ ስልኬን አስደግፌ፣ ሁሉም እያዩኝ፣
ከድስቱ ውስጥ የራሴን ስም አወጣሁ። ማንም እንኳን ደስ ያለሽ አላለኝ።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣
ይህን ነበር ከልጅነቴ የተማርኩት።
እስኪሄድ ማን ይጠብቃል? ጠበስኩት።
ቀይ ጫማ አዘዝኩ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ፣ መንገድ በሌለበት ወር፤
በኮሪደሩ ሄድኩበት፣ ከወጥ ቤት እስከ መታጠቢያው በር።

ደብሪቱ ብቻ።
ሆስፒታል ሌሊት ሌሊት ወለል የምትወለውለው፣
አልጋ የምትገፋው፣ ባዶውንም፣ ሙሉውንም።
ጎህ ሲቀድ ደወለች፣ ድምፅዋ በጓንት የታሸ ይመስል፦
«የኔን ታኅሣሥ አድርጊው።»
«ታኅሣሥን ማንም አልፈለገውም፣ ደብሪቱ!»
«ስለዚህ ነዋ።
እዚህ የሰው ዛሬ ሲያልቅ አያለሁ፤ ዚፕ ነው ድምፁ።
ገንዘቡን እርሺው።
ታኅሣሥ ባለዕዳዬ ይሁን።
ባለዕዳ ያላት ሴት ዝም ብላ አትሞትም።»
ጻፍኩላት። በእስክሪብቶ።

በጋው መጣ፤ ሰው እንደ አዲስ ሳቀ፤
በጥቅምት ደግሞ ያው ሳል፣ ያው ጭምብል፣ ያው በር ተጠረቀቀ።
ንግሥቲ ወንድሟን በስልክ ቀበረች፣
አልጣሽ በርካሽ የሸጠችውን ዕጣ አስባ አለቀሰች፤
ወይስ ሌላ ነበር ያስለቀሳት፣ አልጠየቅኳትም።

ታኅሣሥ።
በሩ ተንኳኳ። ጭምብል፣ የበረኪና ሽታ፣ የከሳ አንገት።
ፖስታውን ሰጠኋት።
ደፉ ላይ ቆማ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።
«ሃያ ዩሮ ይጎድላል!»
«እንዴት ይጎድላል? ራሴ ነኝ የቆጠርኩት!»
«ቆጠርሽ? አንቺ ጫማሽን ቁጠሪ!»
ደረጃው ላይ ተጯጯህን፣
ስለ ሃያ ዩሮ፣ በሰው አገር፣ በዚያ ብርድ፣
የጎረቤት በር እስኪከፈት፣ ውሻ እስኪጮኽ።
ከውስጥ ሲኞር ኦቶሪኖ ግድግዳውን
በጣታቸው ኳ አደረጉት፤
ዝም በሉ ለማለት ይሁን፣
ወይ ሊያዳምጡት።